ለእኔ የመረጥክልኝ ላባ

ውድ ወንድምጋሼ፣

ዓይንህ እንደደከመና ወደ ሱቁ ተመልሼ እንደ ድሮው ከላባ የሚሠራውን የዓሣ ማጥመጃ ዝንብ እንድሠራልህ እንደምትፈልግ እማዬ ነገረችኝ። በእሷ ከምትልክብኝ ራስህ ብትደውል ምን ነበረበት? ፈርተህ ነው። እኔም በስልክ እንዳልጮህብህ ፈርቼ ይኸው እጽፍልሃለሁ።

መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ ላይ አንተ በቀኝ እኔ በግራ ተቀምጠን፣ መንጠቆውን በሞርሳ ጥርስ አስነክሰን፣ አንተ እንዳስተማርከኝ ክሩን ሰም ቀብተን ላባ እየጠመጠምን ትራውት ለሚባለው ዓሣ አጥማጆች ዝንብ እንሠራ ነበር። ዝንቡ ውኃው ላይ ካልተንሳፈፈ ዓሣዋ ዞር ብላም አታየውም። ላባ መምረጥና ቀለም መንከር የታላቅ ሥራ ነው ብለህ የእኔን ለብቻ በሳጥን ታቀርብልኝ ነበር። ወንድሜ ለእኔ ሲደክም አልኩ እንጂ ሌላ ምን ልበል?

ሥራ ስንጨርስ ውኃ በሞላ ብርጭቆ እንሞክራቸዋለን። ያንተ በላባው ጫፍ ቆሞ ይንሳፈፋል። የእኔ ትንሽ ይቆይና ወደ ታች ይወርዳል። አንተም ትከሻዬን ይዘህ፣ «አይዞሽ ሚጣዬ፣ እጅሽ ላብ ስለሚያበዛ ነው። ላቡ ላባውን ያበላሸዋል» ትለኝ ነበር።

አመንኩህ። ምን ያላደረግኩት አለ! እጄን በሳሙና ፈተግኩት፣ ዱቄት ነሰነስኩበት፣ ጓንት አጥልቄ ልሠራ ስል ክሩን በጠስኩት። ሐኪም ቤት ሳይቀር ሄድኩ። ሐኪሙ መዳፌን አገላብጦ አይቶ፣ «ይህን የመሰለ ጤነኛ እጅ ይዘሽ ነው ወረፋ የያዝሽው?» ብሎ ሳቀብኝ። ስነግርህ «እሱ ደግሞ ምን ያውቃል!» አልክ። ሰው ሲጨብጠኝ መሸማቀቅ ጀመርኩ። ያ ሊያገባኝ የነበረው አናጢ እንኳ እጄን ሊይዝ ሲል ስሸሸው ጊዜ «አትወጂኝም» ብሎ ቀረ። በመጨረሻ ሞርሳውን ትቼ ገንዘብ ተቀባይ ሆንኩልህ። አንተም «ይሻልሻል» አልከኝ።

አንድ ቀን አንተ በሌለህበት ላባ ነጋዴው መጣ።

«እንደተለመደው ነው? ለሚንሳፈፈው የአውራ ዶሮውን፣ ለሚሰምጠው የሴቷን?» አለኝ።

«የሚሰምጥ ዝንብ እኮ እኛ አንሸጥም» አልኩት።

«ታዲያ ወንድምሽ የሴቷን ዶሮ ላባ ለምኑ ነው ሁልጊዜ የሚወስደው? እሱ ለስላሳ ነው፤ ውኃ ይመጥጣል።»

ሁለቱንም ተቀብዬ ከፈልኩት። ሰውየው ሲሄድ የአውራውን ላባ ወስጄ በአንተ ሞርሳ አንድ ዝንብ ሠራሁ። እጄ ምንም አልረሳም። ብርጭቆው ውስጥ ስጥለው ቀጥ ብሎ ቆመ። በጣቴ ነካ ነካ ባደርገው፣ አውጥቼ ደግሜ ብጥለው፣ ወይ ፍንክች! እልል ማለት ሲገባኝ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። በዚያው ቀን ልብሴን ሰብስቤ የወጣሁት ለዚህ ነው። ምክንያቱን የነገርኩት ለእማዬ ብቻ ነው።

እሷ «ወንድምሽ ነው፣ ይቅር በይው» ትላለች። የቱን? ላባውንስ እሺ፣ እንዳልበልጥህ ፈርተህ ነው እንበል። ግን የሴቷን በአውራው ቀለም ነክረህ ካመሳሰልክ በኋላ፣ መልሰህ ትከሻዬን ይዘህ ስታጽናናኝ ትንሽ እንኳ አላፈርክም? ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የሰደበኝን እርግፍ አድርጌ እተወው ነበር። አንተን ግን ስንት ዓመት አመሰገንኩህ!

አልመጣም። እዚህ የራሴን ሞርሳ ተክያለሁ። ዓይንህን ታከም፤ ክፉህን አልመኝም። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሽማግሌ አጥማጅ የሠራሁትን ወንዙ ላይ ሞክረው ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ፣ «እንዲህ የሚንሳፈፍ አይቼ አላውቅም! ማን አስተማረሽ ልጄ?» አሉኝ።

«ወንድሜ» አልኳቸው። እውነት ስለሆነ ነው ያንገበገበኝ።

እህትህ