ባሕር ላይ ለሚሞት አባል ድንኳን አይተከልም ላሉን ለእድራችን ሰብሳቢ

ለተከበሩ አቶ ይኸነው
የዝግባው ሥር እድር ሰብሳቢ
እንጅባራ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ በጤና እንዲሰነብቱ፣ ጉልበትዎ እንዳይከዳዎት፣ የእድራችን ማኅተምም ቀለም እንዳይነጥፍበት መልካም ምኞቴን እገልጻለሁ። እኔ ማናለብሽ ደጉ፣ ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት የእድራችን ንፍሮ ቀቃይ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ እንዲያውም ከደኅናም አልፌ በደስታ እንቅልፍ አጥቼ የሰነበትሁ በመሆኔ፣ ደብዳቤዬ እዚህም እዚያም ቢረግጥ እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እለምናለሁ። በእድሩ ቴሌግራም ላይ መለጠፌም፣ እርስዎ ለማመልከቻዬ የሰጡትን መልስ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለሁሉም ስላስነበቡልኝ፣ ከእርስዎ ያነሰ ግልጽነት ማሳየት ነውር መስሎ ታይቶኝ ነው።

ነገሩን ላልሰማ አባል ልንገር። ታናሽ እህቴ ፋና ግሪክ አገር ቀርጤስ በምትባለው ደሴት መኖር ከጀመረች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ቱሪስት በሚያዞር የሸራ ጀልባ ላይ ምግብ አብሳይ ናት። ባለጀልባው የሥራው ወቅት ሲያልቅ ጀልባውን ከነነጂው ለአንድ ሳምንት ቢሰጣት፣ እሷ እኔን ጠራችኝ። ቪዛዬ ተመትቷል፣ ትኬቴም ተቆርጧል። ጥቅምት ሦስት ቀን ሃኒያ ከሚባለው ወደብ ተነሥተን፣ የደሴቲቱን ዳርቻ ይዘን፣ በየወደቡ እያደርን ወደ ምሥራቅ እንሄዳለን። ይህንን ስጽፍ እንኳ ፈገግ ማለቴን መደበቅ አልችልም።

በደንባችን ያለ ፈቃድ ከሁለት ቀብር የቀረ አባል ይሰረዛል፤ የተሰረዘ ሰው ደግሞ ቀባሪ እንደሌለው እኔም እርስዎም እናውቃለን። ስለዚህ እስከ ጥቅምት ሃያ ድረስ ፈቃድ ጠየቅሁ። እርስዎም ከለከሉኝ። ስለ ክልከላው ምክንያቶች በየተራ ላመስግንዎ።

አንደኛ፣ መዝናናት ከፈቃድ ምክንያቶች ዝርዝር ውስጥ እንደሌለ ስላሳወቁኝ። ዝርዝሩ ውስጥ ሕመም፣ ወሊድ፣ ፀበልና ክስ አሉ። ታምሜ ወይም ተከስሼ ቢሆን ኖሮ እየመረቁ ይሸኙኝ ነበር፤ ደስ ብሎኝ መሄዴ ግን ከባድ ጥፋት መሆኑን አሁን ተረድቻለሁ። ወሊድ ነው ብዬ እንዳላመለክት ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ የሚያምነኝ አላገኝም።

ሁለተኛ፣ ውኃ ካማራት ዘንገና አለላት ብለው ስለመከሩኝ። ምክርዎን የናቅሁ እንዳይመስል ባለፈው ቅዳሜ በባጃጅ ሄጄ ዳሩ ላይ ግማሽ ቀን ተቀምጬ መጣሁ። በእውነት ያማረ ሐይቅ ነው። ጦጣዎቹ ዳቦዬን ከነፌስታሉ ወሰዱት። እህቴ ግን እዚያ አልነበረችም።

ሦስተኛ፣ አባል ባሕር ላይ ቢሞት አስከሬኑ ስለማይገኝ ድንኳን አይተከልለትም ተብሎ በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር ስላደረጉ። ሞቴን አስቀድመው ስላሰቡልኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ቪዛ የሰጡኝ ሰዎች እንኳ ይህን ያህል አልተጨነቁልኝም። የእርስዎ የአጎት ልጅ መርዶ ከዐረብ አገር በመጣ ጊዜ፣ አስከሬን ሳይመጣ ድንኳኑ ሦስት ቀን ሙሉ ተተክሎ እንደነበር፣ እኔም ሦስቱንም ቀን ከድስቱ አጠገብ እንዳልተነሣሁ ግን ላስታውስዎ አልደፍርም። ሐዋርያው ጳውሎስም መርከቡ የተሰበረው እዚያው ቀርጤስ ነው ማለትዎን ሰምቼ መሪጌታን ጠየቅሁ። መርከቡ የተሰበረው ቀርጤስን ካለፈ በኋላ ሌላ ደሴት አጠገብ ነው አሉኝ፤ ከተሳፋሪዎቹም አንድ ሰው አልሞተም። እድር እንኳ ሳይኖራቸው።

አራተኛ፣ እሷ ስለ ሸራና ስለ ነፋስ ምን ታውቃለች ብለው ስለተጨነቁልኝ። ጭንቀትዎን ለማቅለል ዝግጅቴን ልዘርዝር። ጀልባው ሻንጣ የሚቀመጥበት ቦታ ስለሌለው የሚታጠፍ የጨርቅ ቦርሳ ሰፍቻለሁ። የጀልባው ወለል እንዳይበላሽ ሶሉ ነጭና ለስላሳ የሆነ ጫማ ዳንግላ ድረስ ሄጄ ገዝቻለሁ። የጀልባ ውኃ ቁጥብ ነውና በአንድ ጆግ መታጠብ ተለማምጃለሁ፤ በዚህ እንኳ የሰፈራችን ቧንቧ ቀድሞ አሠልጥኖኛል። ለማቅለሽለሽ ዝንጅብል ወቅጫለሁ። በበጋቸው ነፋሱ ስለሚበረታ ጥቅምትን የመረጥነውም መክረንበት ነው። የገመዱን አስተሳሰር ፋና በቪዲዮ ብታሳየኝ፣ እኛ ድንኳን የምንወጥርበት ቋጠሮ ሆኖ አገኘሁት። ባለፈው ክረምት ድንኳናችን ተነቅሎ የሰው ገብስ ላይ የተኛ ጊዜ ገመዱን ያሰሩት ሴቶች አልነበሩም፤ እነማን እንደነበሩ እርስዎ ስለሚያስታውሱ ስም መጥቀሱን ትቼዋለሁ።

አምስተኛ፣ እህቷን ማየት ከፈለገች እህቷ ትምጣላት ስላሉ። ስለዚህኛው ምስጋናዬ ትንሽ አጭር ቢሆን ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። የፋና የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀት እስከ ዛሬ አላለቀም፤ ከወጣች ተመልሳ መግባት አትችልም። እናታችን ከሁለት ዓመት በፊት ስታርፍ ያልመጣችው ለዚህ ነበር። እኔ በእናንተ መካከል ተቀምጬ አለቀስሁ፤ የማላውቀው ሰው ሳይቀር ትከሻዬን ደግፎኛል፣ ይህንን እስከ መቃብሬ አልረሳውም። እሷ መርዶውን የሰማችው በስልክ፣ ባሕር ላይ፣ ለእንግዶች ምሳ እያዘጋጀች ነው። የምታደርገው ብታጣ ስንዴና ሽምብራ ቀቅላ አቀረበችላቸው። ምን እንደሆነ ስላላወቁ ጨው ነስንሰው፣ ቢራ ይዘው፣ እየሳቁ በሉላትና ጨምሪልን አሏት። ጨመረችላቸው። ይህንን ለእኔ ለመንገር ዓመት ፈጅቶባታል። ከዚያም «እታለም፣ አንቺ መጥተሽ አብረን ካልበላነው እናቴ ለእኔ ገና አልተቀበረችም» አለችኝ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ አልዋሽዎትም፣ በባሕሩ ልደሰት ነው የምሄደው፤ ሸራው ሲወጠር እጮኻለሁ፣ በየወደቡ ፎቶ እነሣለሁ፣ ለእርስዎም እልክልዎታለሁ። ከቦርሳዬ ሥር ግን ከአዲስ ቅዳም ገበያ የሸመትሁት ስንዴና ባቄላ አለ። ደንባችን ሐዘን መድረስ የአባል ግዴታ ነው ይላል፤ ሐዘኑ በምን ያህል ርቀት፣ በእግር ወይስ በጀልባ እንደሚደረስ ግን አይልም። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ውሳኔዎን ለብቻዬ ተሸክሜ እንዳልቆዝም፣ ከድስቱ ጋር የምንውለው አሥራ አንዳችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቴ ተሰብስበን ነበር። እኔ ቀድሜ መሰረዙን ፈርቼ ጉዞውን ልተወው ይሆን ብያቸው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት ደስታዬ ሁሉ ከላዬ ወርዶ ነበር። እነሱ ግን እንደ እኔ አልፈሩም። እስክመለስ ድረስ ለሚመጣ ሐዘን ከመካከላችን እናትነሽ ድስቱን ልትረከብ፣ የቀሩትም ተራዬን ሊሸፍኑ ተስማሙ። እኔ የተሰረዝሁ እንደሆነ ግን አሥሩም አብረው እንዲሰረዙ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ቀብር ሁሉ እርስዎና ኮሚቴዎ በራሳችሁ እጅ እየቀቀላችሁ እንድታስተናግዱ በአክብሮት ጽፈው ፈርመዋል። ወረቀቱን ዛሬ ለጸሐፊው አስረክቤያለሁ። የመጀመሪያው ፊርማ የባለቤትዎ የወይዘሮ ዘውድነሽ ነው። እጅ ጽሑፏ በጣም ስለሚነበብ ለማጣራት አይቸገሩም።

ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ከጭሱ ጀርባ ሆኜ ንግግርዎን ሳዳምጥ የኖርሁ፣ በማዕበሉም ላይ ሆኜ ስለ ዕድሜዎ መርዘም፣ በተለይም እስከ ጥቅምት ሃያ፣ ያለማቋረጥ የምጸልይ፣

ታዛዥ እህትዎ
ማናለብሽ ደጉ

ማስታወሻ፦ ፋና ለዘንድሮ ቪዛ አይደርስም፣ ለመጪው ዓመት ግን አንድ አልጋ አለኝ ብላለች። ስለዚህ ወይዘሮ ዘውድነሽ ያለፈው ረቡዕ ባሕር ዳር የሄደችው የታመመ ዘመድ ልትጠይቅ ሳይሆን ለፓስፖርት አሻራ ልትሰጥ እንደነበር፣ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል ብዬ ነው።