ብረቱን የለቀቅኩ ዕለት

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

እስክሪብቶውን የያዘችው ምራቴ ናት። ቃሉ የእኔ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን ስንት ፎቅ በእጄ አቁሜያለሁ። "አባባ፣ ይሄም ይጻፍ?" ትለኛለች። ይጻፍ! ያልኩሽን ጻፊ፣ አታሳምሪው።

ዛሬ ጠዋት ደረጃው አሸነፈኝ። ጉልበቴ ዘይት እንዳጣ ማጠፊያ ሲጮህ ጎረቤት ሰማ። ሐኪሙ ምን አለ? "ወይ ውኃ ውስጥ ይንቀሳቀሱ፣ ወይ ከዘራ ይግዙ።" ከዘራ? እኔ? ውኃውንስ... እሱን እንኳ ተዪው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ሄድኩ። ምራቴ "ጎትቼ ወሰድኳቸው" ብላ ልትጽፍ ነበር። በእግሬ ነው የሄድኩት!

የመዋኛው ቤት ይሞቃል። ጣሪያው መስታወት ነው፤ የበረኪናው ሽታ አፍንጫ ይሰነጥቃል። የወለሉ ንጣፍ ውልግድግድ ያለ... ማን ይሆን ያነጠፈው? እንደኔ ጉልበት የከዳቸው አሮጊቶች አንገታቸው ድረስ ገብተው ክንዳቸውን ያወናጭፋሉ። እኔ በቁምጣ ዳር ላይ ቆምኩ። ቆምኩ... ቆምኩ... ተመልሼ ልብሴን ለበስኩ።

አንዷ አሮጊት፣ ወሬ ስለምታደርስ ፖስታ ቤት ይሏታል፣ ከውኃው ውስጥ ጮኸችብኝ።

"ምን ነበር ሥራህ?"

"ግንበኛ።"

"ታዲያ ሲሚንቶውን በምን ነበር የምታቦካው፣ በምራቅ?"

ሳቁብኝ። የጫማዬን ክር እንኳ ሳላስር ወጣሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

አልሄድኩም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይበሉኝ። ይበሉ!

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ገባሁ። እስከ ደረቴ። የዳሩን ብረት በሁለት እጄ ጨብጬ። አሰልጣኟ ልጅ እግር ናት፤ ትዕግሥቷ ግን ያስቀናል።

"አባት፣ በጀርባዎ ይተኙና ብረቱን ይልቀቁት።"

"አልለቅም።"

"ለምን?"

"የያዘ ነው የሚተርፈው።"

ከአፌ አመለጠኝ። ፖስታ ቤት ሰማች። ከዚያ... እንጃ፣ ምን እንዳናገረኝ። ነገርኳቸው። ለሥራ ባሕር ስንሻገር ጀልባዋ ተገለበጠች። ጎረምሳ ነበርኩ። አንዲት ሳንቃ ላይ ተንጠልጥዬ ዋልኩ፣ አደርኩ። ታናሽ ወንድሜ አጠገቤ ነበር። ጎህ ሲቀድ አልነበረም። ሲያወጡኝ ጣቶቼን ከሳንቃው ያላቀቁት አንድ በአንድ ነው። ከዚያ ወዲህ ውኃ ከቁርጭምጭሚቴ አልፎ አያውቅም። ገላዬን የምታጠበው በጆግ ነው።

ምራቴ መጻፏን አቆመች። "ይሄን ባለቤቴ ያውቃል?" አያውቅም። አጎት እንደነበረውም አያውቅም። ስሙን ካነሳሁ ያ ሌሊት ይመጣብኛል ብዬ... ጻፊ እንጂ! አታልቅሺ፣ ወረቀቱ ይረጥባል።

ፖስታ ቤት አላለቀሰችም። መዳፏን ከጀርባዬ ሥር ዘርግታ፣ "ብረት አይደለሁም፤ ግን ዘጠና ኪሎ ነኝ። የትኛውም ውኃ አይወስደኝም" አለችኝ። ሳቅ አመለጠኝ። ብረቱን ግን አልለቀቅኩም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

አንድ እጅ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ለቀቅኩ! ሁለቱንም!

ጆሮዬ ውኃ ውስጥ ገባ፣ ጫጫታው ጠፋ። በመስታወቱ ላይ ደመና ያልፋል። ማንም አልያዘኝም፤ እኔም ማንንም አልያዝኩም። ቀና ስል ፖስታ ቤት አፏን ከፍታ ታየኛለች፤ እስከ ማታ ከተማው ሁሉ ይሰማል። ሳቄ መጣ፣ ውኃ ጠጣሁ። ስስል አሰልጣኟ ደነገጠች፤ እኔ እየሳልኩ እስቃለሁ።

በዚያ መሀል ወንድሜ መጣልኝ። እንደ ወትሮው አይደለም። አብረን ግንባታ ላይ ስንሠራ የአሠሪያችንን አረማመድ ከኋላው እየተከተለ ሲያስመስል፣ ሰውዬው ድንገት ሲዞር ደግሞ ሚስማር እንደጠፋበት ጎንበስ ብሎ መሬቱን ሲያስስ! ለካ ያ ልጅ ቀልደኛ ነበር። ይሄን ሁሉ ዘመን ያችን አንድ ሌሊቱን ብቻ ይዤ... የቀረውን ዕድሜውን የት ጥዬው ነበር?

ምራቴ "ውኃው ወንድሜን መለሰልኝ ልበል?" አለች። አትበይ! ገብቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ጉልበቴ? አሁንም ይጮሃል። ይጩህ።

በይ አሁን አንብቢልኝ። ከወንድሜ ጀምሪ። በሩን ክፈቺው፣ ድምፅሽንም ከፍ አድርጊው። ልጄ ሳሎን ተቀምጧል፤ አጎቱ እንዴት ያለ ቀልደኛ እንደነበር ይስማ።