ያለ ቀጠሮ እርስዎ ጋ ስለደረሰችው ቀይ መኪናና ተገልብጦ ስለተገጠመው ማብሪያ

ለተከበሩ የተሽከርካሪዎች ቴክኒክ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ጤናዎ እንዴት ነው፣ ቤተሰብዎስ ደህና ነው ወይ፣ በተለይም ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሻይ የፈሰሰበት ግራጫ ሱሪዎ እንዴት ሰነበተ ብዬ እጠይቃለሁ። እኔ ጉልበቴን ካልቆጠርነው እጅግ ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የደፈርሁት ክብርዎን ለመንካት አይደለም። አሽጌ የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች ከሦስት ቁጥር መስኮት ወደ አምስት ቁጥር፣ ከአምስት ቁጥር ወደ ሦስት ቁጥር ሲመላለሱ በዕድሜያቸው ያልተጠበቀ የእግር ጉዞ በማድረጋቸው አዘንሁላቸው እንጂ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ በእርስዎ መሥሪያ ቤት ግን እንቁላሉ እግር አውጥቶ፣ ሄዶ፣ ማኅተም ጎድሎት ተመልሷል።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢያን ባጭሩ ላስረዳ። እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት መኪና መንዳት ያስተማርሁና የፈተንሁ ጡረተኛ ነኝ። የልጄ ልጅ የሊፍት ጥገና ባለሙያ ናት፤ ከኪሷ ስለማይጠፋው መሣሪያ ሰፈሩ ሁሉ «ፒንሳ» ይላታል። እኔና እሷ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ቱርቦ ያላት፣ ቀይ የስፖርት መኪና ከወደቀችበት አንስተን ሦስት ዓመት ስናስታምም ቆየን። ከዛሬ ዘጠኝ ቀን በኋላ፣ በእሑድ፣ የተራራው መንገድ ለሌላ ተሽከርካሪ ተዘግቶ የሽቅብ ውድድር ይደረጋል፤ ፒንሳም ስሟ በተወዳዳሪነት ሰፍሯል። ለዚህም የእርስዎ የምርመራ ወረቀት እስከሚመጣው ዓርብ እኩለ ቀን ድረስ ያስፈልጋታል። ወረቀቱ ግን የለም፤ መኪናዋም በእርስዎ ግቢ ዛፍ ሥር ታስራለች። ጥፋቱ የማን ነው የሚለውን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ መልሱን ስለማውቀው አልቸኩልም።

አሁን ስለ ቱርቦ ጥቂት ልበል። ቱርቦ የሞተሩ ጭስ የሚያሽከረክረው፣ ለሞተሩም አየር የሚያጎርስ ትንሽ ማራገቢያ ነው። እግርዎን ከነዳጅ ላይ ሲያነሱ ያኮርፋል፣ ሲመልሱም እስኪታረቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ በዚህ ጠባዩ ነፍሷን ይማርና አማቴን ይመስላል። ስለዚህ እኛ የድሮ ሰዎች ኩርባ ላይ ቀኝ እግራችንን ከነዳጅ ሳናነሳ በግራ እግራችን ፍሬን እንነካለን፤ መኪናዋ ፍጥነት ትቀንሳለች፣ ቱርቦው ግን ሳያኮርፍ ያልፋል። የዛሬ መኪና ኮምፒዩተር ይህን አይወድም። ሁለቱ ፔዳሎች ባንድ ጊዜ ሲረገጡ ካየ «ለሁለት ጌታ አልገዛም» ብሎ ነዳጁን ራሱ ይቆርጣል፤ መኪናዋም በኩርባው መሐል ፍርድ ቤት እንደቀረበ ምስክር ዝም ትላለች።

እኔም ታዲያ ባለፈው ክረምት አንድ ብልሃት ፈጠርሁ። ከፍሬን ፔዳል ተነስተው የሚሄዱ ሁለት ሽቦዎች አሉ፤ አንዱ ለኋላ መብራት፣ አንዱ ለኮምፒዩተሩ ወሬ ያደርሳል። የወሬኛውን ሽቦ ቆርጬ መሐሉ ላይ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አስገባሁ። ወደ ላይ ሲሆን ኮምፒዩተሩ ፍሬን መረገጡን አይሰማም፤ ወደ ታች ሲሆን ይሰማል። ያን ቀን ጋራዡ ውስጥ ብቻዬን ጨፈርሁ፤ ጉልበቴ ምስክር ነው።

ከዚህ በታች ያሉትን ጥቃቅን ቅሬታዎች በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቅጹ ዐሥራ አራተኛ ተራ። አዲሱ ቅጽዎ መርማሪው ማርሽ አስገብቶ፣ ነዳጅ ሰጥቶ፣ ለሦስት ሰከንድ ሳይለቅ ፍሬኑን በቀስታ እንዲነካና ሞተሩ ኃይል መቀነሱን እንዲያይ ያዝዛል። ትእዛዙ መልካም ነው። ማስታወቂያው የተለጠፈው ግን ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ግድግዳ በሚነካው በር ጀርባ ላይ በመሆኑ፣ ለማንበብ መሥሪያ ቤቱ እስኪዘጋ መጠበቅ፣ ከዚያም ውስጥ ተቆልፎ መቅረት ያስፈልጋል።

ማክሰኞ ዕለት ረጅሙ መርማሪዎ ጉልበቱን እንደ ታጣፊ ወንበር አጣጥፎ ገባ። ፒንሳ ከጠዋት ጀምሮ «አባባ፣ ማብሪያውን እንዳለ ተወው፤ ደህና ነው» ስትለኝ ነበር፤ እኔ ግን ብልጡ፣ እሷ ወረቀት ስትሞላ ጠብቄ ማብሪያውን ወደ ታች አደረግሁት፤ መኪናዋ ሕግ አክባሪ ሆና እንድትቀርብ። መርማሪው ነዳጅ ሰጠ። ፍሬኑን በቀስታ ነካ። ሞተሩ ኃይል ሊቀንስ ቀርቶ አፏጨ። ሰውየው ግን የተመሰገነ ሠራተኛ ነውና ቅጹ ሦስት ሰከንድ ብሏል ብሎ እግሩን አላነሳም፤ «አንድ፣ ሁለት…» እያለ ድምፁን ከፍ አድርጎ እየቆጠረ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ በርዎ ላይ ሻይ ይዘው ወደቆሙት ወደ እርስዎ መጣ። ሦስት ሲል ፍሬኑን በሙሉ እግሩ ረገጠ፤ መኪናዋም ከመስታወት በርዎ አንድ ስንዝር ሲቀራት ቆመች። ያን ስንዝር እኔ ራሴ በእጄ ለካሁት።

ዘበኛዎ ኮፍያውን ከመሬት እያነሳ «እኚህን ሰውዬ ያለ ቀጠሮ ያገኘች የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ» ሲል ሰማሁት። ጥሩ ሠራተኛ ነውና አይቅጡት።

ሁለተኛ፣ «ማጭበርበር» ስለሚለው ቃል። በውሳኔዎ ላይ «ባለቤቱ ሆን ብሎ መርማሪውን ለማጭበርበር» ተብሎ ተጽፏል። ክቡር ሆይ፣ ይህ ከሚገባኝ በላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ችሎታ የለኝም። እውነቱ የታወቀው እርስዎ ሱሪዎን ሲያራግፉ፣ ፒንሳ እየሮጠች መጥታ በመስኮት ወደ ዳሽቦርዱ ሥር ስትመለከት ነው። እጇን አፏ ላይ ጭና፣

«አባባ፣ ወደ ታች አደረግኸው እንዴ?» አለችኝ።

«ታዲያስ። እንዲቆርጥ ነዋ» አልኋት።

«አባባዬ፣ ስትገጥመው እንዴት ነበር የተኛኸው?»

እግሬ የወንበሩ መደገፊያ ላይ፣ ራሴ ከፔዳሎቹ ሥር፣ ካቻቪቴው በጥርሴ፤ እንደ ሌሊት ወፍ ቁልቁል ተሰቅዬ ነበር። ለእኔ ላይ የነበረው ለዓለም ሁሉ ታች ነበር። ስለዚህ አራት ወር ሙሉ ኮምፒዩተሩን አፉን ዘጋሁት ብዬ ስፎክር እርሱ ሥራውን ሲሠራ ኖሯል፤ ሕግ አክባሪ ላድርጋት ባልሁበት በዚያች አንዲት ረፋድ ደግሞ በገዛ እጄ አፉን ዘጋሁት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴትዮ ዘመዴ ሳትሆን አትቀርም።

የሚያሳፍረው ገና ነው። እኔ በነዚያ አራት ወራት ጋዜጣ ልገዛ በዝግታ ስወጣ እንኳ «ይኸው፣ አሁን ተነፈሰች፤ ልዩነቱ አይሰማሽም?» እላት ነበር። እሷም «ይሰማኛል አባባ» ትለኝ ነበር። ለካ በመጀመሪያው ቀን ተራራው ላይ ኩርባ መሐል ነዳጁ ሲቆረጥ ነገሩ ገብቷታል። ማብሪያውን አልነካችውም፤ ለእኔም አልነገረችኝም። ሁለቱን ፔዳል ባንድ ጊዜ መርገጥ ትታ፣ ከኩርባው በፊት ፍሬኗን ጨርሳ፣ ከዚያ ነዳጅ መስጠት ተለማመደች፤ ከቀድሞ ሰዓቷም አራት ሰከንድ ቀነሰች። አራቱን ሰከንድ እኔ ለሽቦዬ ሰጥቼ ለጡረተኛ ጓደኞቼ ሁሉ አውርቻለሁ። ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት «ደስ ብሎህ ነበራ» አለች። ቀጥላም «በእኛ ሙያ ለአደጋ ጊዜ ሊፍቱን የሚያቆመውን መቁረጫ ያበላሸ ሰው ፎቁን በደረጃ አይወርድም፣ ይወድቃል እንጂ፤ እኔ መቁረጫ አልነካም» አለችኝ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ይፍረዱ፦ ማን ማንን አጭበረበረ?

ሦስተኛ፣ ስለ ዕድሜዬ። ውሳኔዎ «ባለንብረቱ ዕድሜያቸው የገፋ ስለሆነ የዓይንና የአእምሮ ምርመራ ቢያደርጉ» በማለት ለጤናዬ ያሳየውን ርኅራኄ ከልብ አመሰግናለሁ። ዓይኔ ደህና ነው፤ ውሳኔው ላይ ያሉትን ሰባት የፊደል ስሕተቶች ያለ መነጽር ለቅሜያለሁ። አእምሮዬን በተመለከተ ግን፣ ተገልብጦ ተኝቶ ላይና ታች ለመለየት መሞከሬን ሳስበው፣ ሐሳብዎ መሠረት የለውም ለማለት ይቸግረኛል።

አራተኛ፣ ስለ ርግቦቹ። መኪናዋ ኮሚቴ ተሰብስቦ እስኪወስን ዘጠኝ ወር እንድትቆም ተወስኗል። የቆመችበትም ዛፍ በግቢው ካሉት ዛፎች ሁሉ ርግብ የሚበዛበት ነው። ትናንት በአጥር አሻግሬ ሳያት ቀይ መሆኗን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። ከእርስዎ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለ ወረፋና ያለ ምሳ ሰዓት የሚሠራ አንድ ክፍል ቢኖር ያ ዛፍ ነው።

ክቡር ሆይ፣ እስካሁን የቀለድሁት አፌ ስለማያርፍ ነው። ያችን አንድ ስንዝር ግን አልቀለድሁባትም። ቅጹ አራት ሰከንድ ቢል ኖሮ፣ ወይም መርማሪው ቀስ ብሎ የሚቆጥር ሰው ቢሆን፣ ዛሬ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለባለቤትዎ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው «ፔዳሎቹን አታምታታ» ስል ኖሬ፣ ሰው ሲያምታታ የሚያድነውን ነገር በገዛ እጄ ቆረጥሁ። ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ መርማሪውንም ጭምር፣ ቆጠራውንም ጭምር።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ከሁለታችን ሞኙ እኔ ነኝና ቀድሜ ልልቀቅ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በታሸገ ፖስታ ሁለት ነገር ልኬአለሁ። አንደኛው ማክሰኞ ዕለት ፒንሳ ነቅላ ያወጣችው ማብሪያና ሽቦው ነው፤ የተቆረጠውን ቀጥላ እንደ ፋብሪካው አድርጋዋለች፤ ረጅሙ መርማሪም ዐሥራ አራተኛውን ተራ ደግሞ ይሞክረው፣ እርስዎ ብቻ ሻይዎን ውስጥ ይጠጡ። ሁለተኛው መንጃ ፈቃዴ ነው። ዘጠኙን ወር በመኪናዋ ፈንታ እኔን ያግዱኝ፤ ከዛፉም ሥር ቁሙ ካሉኝ እቆማለሁ፣ ለርግቦቹ አዲስ አይደለሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጅቷ ግን ማንንም አላታለለችም፤ ሽማግሌ አያቷን ላለማሳዘን ብቻ አራት ወር ዝም አለች፣ በዝምታዋም ውስጥ መንዳት ተማረች። ወረቀቱ እስከ ዓርብ እኩለ ቀን ይድረሳት።

ጋዜጣዬን ከእንግዲህ በእግሬ እገዛለሁ። ጉልበቴ ሲሰማ ደንግጧል።

በዓመታዊ ምርመራዎ በየጊዜው የሚመረመረው፣ ዘንድሮ ግን በትክክል የወደቀው፣ ሁለቱንም እግሮቹን ገጥሞ እጅ የሚነሣዎ፣

ታዛዥዎ የፒንሳ አያት

ግልባጭ፦
— ለሦስት ቁጥር መስኮት (በተከፈተ ጊዜ)
— ለአምስት ቁጥር መስኮት (ወደ ሦስት ቁጥር እንዲመራ)
— ለዘበኛው፣ ከምስጋና ጋር
— ለርግቦቹ፣ እንዲያውቁት

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ የድሮ መዝገቦቼን ሳገላብጥ የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት መንጃ ፈቃድ ሊፈተን የመጣ፣ ያኔ «አንተ» የምለው፣ ፂሙ ገና ያቀመቀመ አንድ ጎበዝ አገኘሁ። ጎበዙ ፈተናው ላይ ደንግጦ ነዳጁንና ፍሬኑን ባንድ ጊዜ ረግጦ በማሠልጠኛው የጽጌረዳ አትክልት ውስጥ አልፎ ወጥቷል። በአስተያየት ቦታው ላይ በእጄ «ሁለት እግር ባንድ ጊዜ፤ ልቡ ግን ጥሩ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ይደገም» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ከሰዓት በኋላም አልፏል። ያን ቀን «ኮሚቴ እስኪሰበሰብ ዘጠኝ ወር ይታገድ» ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ፣ ክቡር ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ ዛሬ የምጽፈው ለሌላ ኃላፊ ነበር። ያ የኮምፒዩተሩ ነዳጅ መቁረጫ ለማን እንደተፈጠረ አሁን ስለገባኝ ሁለተኛ አልነካውም።