ከበሩ ጀርባ ያሉት ጭረቶች

ይድረስ ለወንድሜ ለደመላሽ፤

የአርባ ምንጭ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ከብርዱ በቀር ደህና ነን፣ ተመስገን። ጥቁሯ በግ መንታ ወለደች። አባባ የወል ሣር ምድራችን ጓሳ ለአጨዳ ተዘግቶ ሳለ ማጭድ ይዘው ሣር ሊያጭዱ ወጡና ጎረቤታችን ምንተስኖት ከመንገድ መለሳቸው። ድሮ ሌላውን የሚከለክሉት እሳቸው ነበሩ እኮ!

ለገና መጥተህ ሳለ አባባ ስሜን ሳቱ ብዬ ብነግርህ፣ «በአንድ ቀን አትፍረጂ፤ መዝግቢና አማካዩን አውጪ» አልከኝ። እንዳልከኝ አደረግሁ። ነፍስ ይማር፣ በእማማ ስም፣ ጌታነሽ ብለው በጠሩኝ ቀን ሁሉ ከበሩ ጀርባ በከሰል አንድ ጭረት ጫርኩ። ጥር አራት፣ የካቲት ዘጠኝ፣ መጋቢት ሃያ ሆነ። አማካዩ አሥራ አንድ ነው። አሥራ አንድ የሆነ ወር ግን አንድም የለም! ይህ አማካይ የምትሉት ነገር ማንን ያጽናናል?

ሚያዝያን አልቆጠርኩም። አሁን ጌታነሽ ሲሉኝ «አቤት» እላለሁ። ስትጽፍልኝ ስሜን ደጋግመህ ጻፈው፤ እዚህ የሚጠራው የለም።

አባባ ሰላም ብለውሃል፤ ለማን እንደምጽፍ ሁለቴ ነግሬያቸዋለሁ። ለክረምት ስትመጣ ስምህን ከደጅ ተናግረህ ግባ። እስከዚያው የሞላሌዋ ኪዳነ ምሕረት ትጠብቅህ።

እህትህ፣
አበዛሽ ነኝ።