የሜዳው አሥራ አራት ሜትር

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ረፋድ 4:00፣ መምህራን ክፍል

አሁንም ነዘረኝ። ተነስና ተንቀሳቀስ ይላል፣ በእንግሊዝኛ። ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ ነው የዋልኩት! ዘጠነኛ «ሀ»ን ሳስሮጥ፣ ፊሽካ አፌ ውስጥ፣ የእጅ ሰዓት እንድንቀሳቀስ ያዘኛል። አንተ ደብተር፣ ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው። የስፖርት መምህር ነኝ። ለዚህ ንገርልኝ።

ሰዓቱን የላከው ከማል ነው፣ የልጄ የሀያት ባል። አዲስ አበባ ከአለቆቹ ጋር ጎልፍ ይጫወታል። ለጎልፍ ግሩም ነው ይላል፤ ለዘወትር ይሁን አይሁን ግን አላወቀም። የእሱ እጅ ከቢሮ አይወጣማ! «አባባ፣ እርስዎ በቆቦ ፀሐይና አቧራ ይሞክሩት፤ ከተስማማዎት የእርስዎ ነው፣ ካልሆነ ለጎልፌ ይመለስልኝ» አለ። ሁለት ሳምንት ሰጠኝ። ነውር ባይሆን ዛሬውኑ በሚኒባስ በመለስኩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ሰባት ሰዓት ሲሆን 13:00 ይላል። ስድስት ቀንስ፣ ስድስት ቀንስ። ስንት ዓመት ደወል አምልጦኝ የማያውቅ ሰው ዛሬ በጣቴ ስቆጥር ክፍል አረፈድኩ። ተማሪ ሳቀብኝ። ትናንት ማታ መብራት አልነበረም፣ ቻርጅ አላደረግኩትም፣ ከሰዓት በኋላ ድርግም አለ። ማሰሪያው ሥር ላብ ተጠራቅሞ ቆዳዬን አቀላው። ባለቤቴ ዘሀራ የድሮው ሰዓትህ ምን በደለህ አለች። ይብስ ተናደድኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፣ ከሰዓት

በንዴት እየጻፍኩ ነው። ፊደሌ ካልተነበበ ለዚያ ነው።

ግማሹ ተማሪ ማሽላ አጨዳ ሄዷል፣ ሜዳው ባዶ ነበር። ሰዓቱ ላይ ጎልፍ የሚለውን ከፈትኩ። ኳስ መትተህ ወደ ወደቀበት ስትሄድ ስንት ሜትር እንደሆነ ይነግርሃል። ቆቦ የጎልፍ ሜዳ ከየት ይመጣል? ከአንዱ ጎል ወደ ሌላው ተራመድኩ። 89። ተመለስኩ። 89።

ሜዳው መቶ ሜትር ነው! ገና በወጣትነቴ በገመድ ለክቼ በኖራ ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ዞሬ አየሁ። በሰሜን በኩል ጎረቤቱ መጋዘን ሊሠራ በክረምት ቆርቆሮ አጥሯል። የዚያን በኩል የጎል ቋሚም «ለጥገና» ተብሎ ተነቅሎ እንደገና ተተክሏል። ያኔ ሮቢት ከተማ እናቴን ሳስታምም ነበርኩ። ከመስከረም ወዲህ ግን እዚሁ ሜዳ ላይ ነኝ። ሁለት ወር! ዓይን አለኝ እንዴ እኔ?

ር/መምህሩ ዘንድ ገባሁ። የኔው ተማሪ ነበር፣ ኳስ መምታት ያስተማርኩት። ሌሎች መምህራን እየሰሙ፣ «ጋሼ፣ በጎልፍ ሰዓት ነው መሬት የሚለኩት?» አለኝ። መምህራኑ ሳቁ። እሺ፣ የት/ቤቱን ሜትር ስጠኝ አልኩ። ዕቃ ቤቱ ተቆልፏል፣ ቁልፉም ጠፍቷል አለኝ። ጠፍቷል!

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ጎረቤቴ ሞገስ ግንበኛ ነው። የሃምሳ ሜትሩን ሜትር ይዞ መጣ። አንዱን ጫፍ እሱ፣ አንዱን እኔ። ሁለት ጊዜ ለካን። 86።

ሰዓቱ ሦስት ሜትር ተሳስቷል። ሰው ግን አሥራ አራት ሜትር ወስዷል። ሞገስ ሜትሩን ጠቀለለና አጥሩን አየው። ከዚያ፣ «ጋሽ ሰይድ፣ ይኼ እንዲሁ አልታጠረም። ወረቀት አለው» አለኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ወረቀት አለው።

ወረቀቱን አሳየኝ ብለው ር/መምህሩ ፋይሉን አወጣ። ቃለ ጉባኤ ነው። ርዕሱ «የአጥር ጥገና»። ሆዱ ውስጥ ግን «ትርፍ ቦታው ለጎረቤት ይለቀቅ» ይላል። ሦስት ፊርማ አለው። ሦስተኛው የኔ ነው።

ትዝ አለኝ። ሰኔ፣ ውጤት የምንሞላበት ቀን። ወረቀቱን ራሱ ይዞ መጣ። ምንድን ነው አልኩት። አጥሩ ይጠገን ነው ጋሼ አለኝ። ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ፈረምኩ። አላነበብኩም። ተማሪን ጥያቄውን ሳታነብ አትመልስ እያልኩ ያረጀሁት እኔ!

«እንግዲህ ጋሼ፣ አብረን ነን» አለኝ፣ በለሆሳስ።

እጄ ተነሳ። ወላሂ ልመታው ነበር። ያን ጊዜ ሰዓቱ ነዘረኝ፤ የልብ ምትህ ከፍ ብሏል አለኝ። አውልቄ ኪሴ ከተትኩት። እንደተናደድኩ ለማወቅ የሚነግረኝ አያስፈልገኝም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ምሳ አልበላሁም። ዘሀራ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ታጽናናኛለች ብዬ ነበር። ሳታነብ ከፈረምክ ሳታፍር ተናገር አለች። ተቆጣኋት። ቀጥሎ ወረቀት አመጣሁ። ለወላጅ ኮሚቴ የምጽፈው ደብዳቤ የመጀመሪያው መስመር፦ «ሳላነብ ፈርሜያለሁ።» ከዚህ መስመር በኋላ ሌላው ቀላል ሆነ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

የወላጅ ኮሚቴው ስብሰባ። ደብዳቤዬን ቆሜ አነበብኩ። ከዚያ ወ/ሮ አበቡ፣ የአንዷ ሯጭ ተማሪዬ እናት፣ ተነሱ። «ልጄን ሩጪ የሚሏት እርስዎ፣ የምትሮጥበትን ሜዳ ፈርመው የሰጡት እርስዎ! ምን እንበልዎት?» አሉኝ። ልክ ናቸው። ያቃጠለኝም ልክ መሆናቸው ነው።

ር/መምህሩ መለኪያው የጎልፍ ሰዓት ነው ብሎ ሊያስቅ ሞከረ። ሞገስ ከኋላ ሜትሩን ከፍ አደረገ። ከአዳራሹ ወጥተን ሁሉም እያየ ለካን። 86። ማንም አልሳቀም።

ተወሰነ፦ ቃለ ጉባኤው ይሰረዝ። ባለ መጋዘኑ ትርፍ ቦታ ነው ተብዬ ነው አለ፣ አጥሩን ራሱ ሊያነሳ ተስማማ። ለኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። የር/መምህሩ ጉዳይ ወደ ወረዳ። ማስጠንቀቂያዬን ተቀበልኩ። አነበብኩና ፈረምኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20፣ ጠዋት 3:00

ቆርቆሮው ተነሳ። የአጥሩ ቋሚዎች ጉድጓድ ገና አልተደፈነም።

ለከማል ደወልኩ። ሰዓቱን ለጎልፍህ ያዘው አልኩት፤ ሣር ላይ ለምትመታት ኳስ ሦስት ሜትር ምንም አይደለም። ለኔ ቀን ግን አይሆንም፦ የሰዓት አቆጣጠሩ የኛ አይደለም፣ ባትሪው ቀን አይውልም፣ ቆዳዬም እንቢ ብሏል። አልተቀየመም። ስለ ሜዳው ጠየቀኝ፣ እስከ መጨረሻው ነገርኩት።

ስልኩን ሳስቀምጥ ር/መምህሩ ደወለ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኗል። ለወረዳ «ሁለታችንም ተሳስተናል» ብዬ እንድጽፍለት ለመነኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉ ያሳደጉኝ?» አለ። አሳዘነኝ፣ አልዋሽህም ደብተር። ንዴቴ ግን ቀደመ።

እኔ ሳላነብ መፈረሜን ጽፌያለሁ አልኩት። አንተ አንብበህ ማስፈረምህን አንተው ጻፍ።

ዘጋሁት።