የቄሱ ምግብ አብሳይ

ከሬምስ በታች፣ ከመንደራችን
ጌታችን በተወለደ በ1049 ዓመት፣ በቅዱስ ማርቲን በዓል ዋዜማ

ለውዱ ባሌ፣ ይቅርታ፣ ለክቡር ቄስ ጎንትራን

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። ወይኑ ተጨምቋል፣ ዝይዎቹም ሰብተዋል። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህ፤ ዛሬ ለዚህ ዋለልህ።

የሮማው ፓፓ ተራራ አቋርጦ ቤተ ክርስቲያናችንን ሊያጠራ መጣ ሲባል ደስ ብሎኝ ነበር። ሞኝ ነኝ። ጳጳሳችን መንበሩን በብር እንደገዛ የማያውቅ የአሳማ እረኛ የለም። ፓፓው ሬምስ ላይ በጠራው ጉባኤ ፊት ተንበርክኮ አለቀሰ አሉ፤ በትረ ሹመቱን አስረከበና ወዲያው መልሶ ተቀበለ። እንባው ሳይደርቅ፣ ሚስት ያለው ቄስ ደብሩን ይነጠቃል ብሎ በኛ በቄስ ሚስቶች ላይ ዞረ። ትልቁ ሌባ ታጥቦ ወጣ፣ እድፉ እኛ ሆንን።

ይህን እችለው ነበር። አንተ ግን በሬምሱ ቅዱስ አጽም ላይ እጅህን ጭነህ፣ ቤትህ ያለችው ሴት ምግብ አብሳይህ ናት ብለህ መማልህን ከጋሪ ነጂው ከቴቦ ሰማሁ። አባትህ ፊት ቀለበት ያጠለቅክልኝን እኔን! ለአንዲት ደብርና ለጥቂት የእህል አሥራት ስትል። ደግሞ ሳታፍር፣ "ለይምሰል ነው፣ ወሬው ሲበርድ እንደ ድሯችን እንኖራለን" ብለህ ላክህብኝ። ወንድነትህን እዚያው አጽሙ ላይ ረሳኸው መሰለኝ።

ትናንት የጳጳሱ ሊቀ ዲያቆን መሐላህን ሊያጣራ መጣ። በሐሰት ምለህ ከተገኘህ ክህነትህ ይገፈፋል። መንደርተኛው ደጃፌ ላይ ተኮልኩሎ አፍ አፌን ያያል።

"ቄስ ጎንትራን ምንሽ ነው?" አለኝ።

ጎረቤታችን ኤርማ በጆሮዬ፣ "ንገሪው እንጂ! እሱ መቼ አዘነልሽ?" አለችኝ።

"ጌታዬ ነው። ምግብ አብሳዩ ነኝ" አልኩት።

ደብርህ ተርፋልሃለች፣ ደስ ይበልህ። ለሳልህ ያፈላሁት ማር ከመስኮቱ ሥር ነው፤ ጠዋትና ማታ ጠጣ። ቅዱሱ ይቅር ይበልህ፣ ደረትህንም ይጠብቅልህ።

አንድ ነገር ግን አላሰብክም፣ ጎንትራን። ሚስትህ ብሆን ደጅ ደጁን እያየሁ እጠብቅህ ነበር። ምግብ አብሳይ የተሻለ ቤት ካገኘች ትሄዳለች። የሻሎኑ የሱፍ ነጋዴ ሚስት ጋሪ ልካልኛለች፤ ነገ እነሳለሁ።

ሄርሳንድ