የኔታ የሚስቱበት መስመር

ጥቅምት 4

ሞላ ዳዊትን በቃሉ ዘለቀ።

አባባ የኔታው ናቸውና መረቁት። ሞላ ዓይነ ስውር ነው፤ የፃግብጂ ሰው፣ ሠላሳውን ያለፈ። አፉን የፈታው በኽምጣንጋ። ግዕዙን ሁሉ ከአባባ አፍ በጆሮው ያዘው። ሦስት ዓመት ፈጀ። በኅዳር ጋዝጊብላ አንድ ደብር ይፈትነዋል። ካለፈ እንጀራ አገኘ።

ጥቅምት 9፣ ከት/ቤት መልስ

ሞላ ሲደግም መጽሐፉን ገልጬ ተከተልኩት። ሁለት መዝሙሮች አንድ የሚመሳሰል መስመር አላቸው። እዚያ ሲደርስ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻገረ። አባባ አላቆሙትም። ለካ እሳቸውም እዚያው ይስታሉ። መዘንጋት ከጀመሩ ወዲህ መሆን አለበት።

ጥቅምት 10

ለአባባ አሳየኋቸው። አነበቡ። ፊታቸው ጠቆረ። ጋቢያቸውን ተከናንበው ምሳ ሳይበሉ ዋሉ።

ጥቅምት 11

ረስተውታል። ጠዋት ያንኑ ስህተት አስደገሙት። መጽሐፉን እንደገና አሳየኋቸው። እንደ አዲስ አፈሩ። ማስታወሻዬ፣ ሁለተኛ አላሳያቸውም።

ጥቅምት 23

ሞላን ከአባባ ተደብቄ አቃናዋለሁ። ቀስ ሲል ልክ ነው። ሲፈጥን ይስታል። «እትዬ፣ ምላሴ አህያ ናት፤ ጭነቷን ብትቀይሪላትም ወደ ለመደችው ገበያ ነው የምትሄደው» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሃያ ዓመት አስተማርኩ። ተማሪ ሲሳሳት አልያዘውም እል ነበር። ሞላ ይዞታል። አጥብቆ ይዞታል።

ለአባባ እንዳልነግር ለመነኝ።

ኅዳር 16፣ ወፍጮ ቤት፣ ተራ እየጠበቅኩ

የሞላ እህት አገኘችኝ። ትናንት ተፈተነ። እዚያችው መስመር ላይ ሳተ። ፈታኙ መሪጌታ ማን አስተማረህ አሉት። የአባባን ስም አልጠራም። ከሬዲዮ ለቀምኩት አለ። «እንግዲያው ሬዲዮው ይቅጠርህ» ብለው አሰናበቱት። ካህናቱ ሳቁ። እሷ ግን በግናለች። ሦስት ዓመት እጁን ይዤ የተመላለስኩት ለሬዲዮ ነው ወይ ትለኛለች።

መሪጌታው ዛሬ ሰቆጣ ናቸው፣ ቤተ ክህነት። ስህተቱ የአባባ መሆኑን ብነግራቸው ሞላን ደግመው ይሰሙት ይሆናል። ለአባባ ግን ከእንግዲህ ተማሪ የሚልክ የለም። ጠዋት ጠዋት በር በሩን እያዩ ሊቀመጡ ነው። ለምን እንደሆነ ብነግራቸው ይረሱታል። በየቀኑ ልነግራቸው ነው።

ወፍጮኛው ተራሽ ነው እያለ ይጮኻል። ማሽላው እዚያው ይቆይ። መሪጌታው ሳይነሱ ልድረስባቸው። የማን ተማሪ እንደሆነ እኔ እነግራቸዋለሁ።